ፍሬኑ ተከሰሰ፣ ማርሚታው ተሰወረ

በአሜሪካ አውራ ጎዳና ጭነት የሚያመላልስ ሐበሻ ሾፌር ሰሌዳውን በቃሉ ያውቀዋል። ትንሽ ከተማ ሊገባ ሲል፣ ከፍጥነት ገደቡ ምልክት አለፍ ብሎ፣ «በሞተር ፍሬን መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል። ሰሌዳውን ያስተከሉት ሌሊት ከእንቅልፋቸው የሚባንኑ ነዋሪዎች ናቸው፤ ቅሬታቸውም እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ አሥርት ዓመታት በፈጀ ክርክር የተከሰሰው ሌላ፣ ያጠፋው ሌላ ነው። ሰው የሚቀሰቅሰው ፍሬኑ ሳይሆን የተነቀለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፍሬኑ የተፈለሰፈው ከሞት በተረፈ ሰው ነው። የከሚንስ ሞተር ፋብሪካ መሥራች ክሌሲ ከሚንስ በ1931 ዲዝል ለረጅም መንገድ እንደሚያዋጣ ለማሳየት በጭነት መኪና ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ይጓዝ ነበር። እሱና አብረውት የነበሩት ካሊፎርኒያ ሲደርሱ፣ ካሆን ፓስ የተባለውን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ የእግር ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለ። ከታች መንገዱን የሚያቋርጥ ሐዲድ ነበር፤ በሐዲዱ ላይም ባቡር እየመጣ ነበር። ለጥቂት አመለጡ። ከሚንስ ያን ቀን አልረሳውም፤ ከዓመታት በኋላ፣ ከመሠረተው ኩባንያ ከወጣ ወዲያ፣ ሞተሩን ራሱን ፍሬን የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። የመሰርሰሪያ መያዣ በማምረት የሚታወቀው ጄኮብስ የተባለው የኮኔቲከት ፋብሪካ በ1961 መሣሪያውን ለገበያ አቀረበው። ሾፌሮች እስከ ዛሬ «ጄክ» ይሉታል።

አሠራሩን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ወደ ሲሊንደሩ ነዳጅ መሄዱ ይቆማል፤ አየሩ ግን መታመቁን ይቀጥላል። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ላይ ሲደርስ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ብርግድ ይላል። የታመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ሳይገፋ ያመልጣል፤ ሞተሩ የደከመበትን ጉልበት ሳያገኝ ይቀራል፤ መኪናውም በዚያው ልክ ይያዛል። ጣጣው አየሩ የሚወጣው በቀስታ ሳይሆን በአንዴ መሆኑ ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ፍንዳታ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል። ያለ ማርሚታ ሲወጣ መትረየስ ነው። ማርሚታ ሲኖር ግን ድምፁ በውስጡ ባሉት ክፍሎችና በተበሳሱት ቱቦዎች መካከል ሲጋጭ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ቤቱ የተኛ ሰው ከሌላው የመንገድ ድምፅ ለይቶ አይሰማውም።

አባይ በረሃን በኢሱዙ የወረደ ሰው የሚያውቀው የሞተር ፍሬን የዚህ ዓይነት አይደለም። ያኛው የጭስ መውጫውን ቱቦ በክዳን አንቆ ነው የሚይዘው። ጉልበቱ ያነሰ፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው። አሜሪካ ሄዶ መሪ የጨበጠ ሐበሻ ጄክን መጀመሪያ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ታዲያ ማርሚታውን ምን አስነቀለው? አንዱ ጉልበት ይጨምራል የሚለው እምነት ነው። እምነቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ የጭሱ መንገድ ሲከፈት ሞተሩ በጥቂቱ ይቀለዋል። ግን ቱርቦ ያለው ዲዝል ላይ፣ ደኅና ማርሚታ በባዶ ቱቦ ሲለወጥ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ሾፌሩ ጉልበት ብሎ የሚቆጥረው አብዛኛው ጆሮው የሰማው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ውበት ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው ነገሩ አልገባውም። አፍንጫ ረጅሞቹ ፒተርቢልት 379 እና ኬንዎርዝ ደብልዩ 900፣ ከካቢናው ግራና ቀኝ ወደ ላይ የቆሙ ክሮም ቱቦዎቻቸው፣ የራሱን መኪና ለሚነዳ ሰው የነፃነት ምልክት ናቸው። ሦስተኛው ሒሳብ ነው። ከ2007 ወዲህ የወጡ ከባድ መኪኖች ጥቀርሻ የሚያጠራቅም ማጣሪያ አላቸው፤ ሲደፈን መኪናውን ያቆማል፣ ጥገናውም ኪስ ያራቁታል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሾፌሩን የሥራ ሰዓት የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ግዴታ ሲሆን፣ ከ2000 በፊት የተሠራ ሞተር ነፃ ተደረገ። ማጣሪያ የሌለው፣ ሰዓት የማይቆጥር፣ በቀላሉ የሚጠገን አሮጌ መኪና ያን ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ቱቦው ባዶ የሆነውም ብዙውን ጊዜ ይኸው መኪና ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የድምፅ ቁጥጥር ሕጉን የፈረሙት በ1972 ነው። በዚያ መሠረት የወጣው የፌዴራል ደንብ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ለሚመላለስ ከባድ መኪና ጣሪያ አበጀለት፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ ሲነዳ፣ 15 ሜትር ያህል ርቆ ሲለካ፣ 90 ዴሲቤል። ከ1986 ወዲህ ለተሠሩት ወደ 87 ወረደ። ደንቡ አንድ ብልህ አንቀጽም አለው፤ መኪናው ማርሚታ ሊኖረው፣ ቱቦውም ድምፁን በጎን የሚያሳልፍ መክፈቻ የሌለው ሊሆን ይገባል ይላል። ይህን ለመፈተሽ የድምፅ መለኪያ አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ተቆጣጣሪ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃዋል።

ጎንበስ የሚለው ግን ጠፋ። የሬገን አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን የድምፅ ቁጥጥር ክፍል በጀት አቋርጦ በ1982 ዘጋው። ሕጉ አልተሻረም፤ ባለቤት ብቻ አጣ። ሸክሙ ወደ ክፍለ ግዛቶችና ወደ ከተሞች ወረደ፤ መለኪያም የሠለጠነ ሰውም የሌለው ትንሽ ከተማ ደግሞ አቅሙ የፈቀደው ሰሌዳ መትከል ነበር። አንዳንዶቹ የጄክን ስም በሰሌዳው ላይ ስለጻፉት ኩባንያው ስሙ የንግድ ምልክት መሆኑን እያስታወሰ፣ ጥፋቱም የማርሚታው መጓደል መሆኑን እየተከራከረ ቆይቷል። ለራሱ ነው የሚከራከረው፤ ሆኖም በዚህ ነገር እውነቱን ይዟል።

ሰሌዳው ያለ ቦታው ሲቆም ደግሞ አደጋ አለው። ኮሎራዶን እንውሰድ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዴንቨርና በኦሮራ በኩል የሚያልፈው ኢንተርስቴት 70 ከአይዘንሀወር ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር ከፍታ፣ ተነስቶ 1,600 ሜትር ላይ ወዳለችው ዴንቨር ይወርዳል። ከነጭነቱ 36 ቶን የሚመዝን መኪና ይዞ ያን ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያቃጥላል። በሚያዝያ 2019 እንጨት የጫነ መኪና በዚሁ መንገድ ፍሬን አልይዝ ብሎት ሌክዉድ ላይ ከቆሙ መኪኖች ጋር ተላትሞ አራት ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ 110 ዓመት ተፈረደበት፤ አገር ከተንጫጫ በኋላ አገረ ገዢው ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። ያ አደጋ ከማርሚታ ጋር አይያያዝም፤ ቁልቁለት ምን እንደሚያደርግ ግን ያሳያል። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ፍሬኑን ከመከልከል ይልቅ ጄክ የተገጠመለት የንግድ መኪና ሁሉ ማርሚታ እንዲኖረው አስገደዱ፤ የሌለው 500 ዶላር ይከፍላል። ኦሪገንም ጥፋት ያደረገው ማርሚታ በሌለው መኪና በሞተር መያዝን ነው። ከብዙዎቹ የከተማ ሰሌዳዎች እነዚህ ሁለቱ ይበልጥ ፍትሐዊ ናቸው እላለሁ።

ጉዳዩ ዛሬ ከጆሮ አልፎ ሳንባ ደርሷል። አዲሱ ማጣሪያ ጥቀርሻ ከመያዙም በላይ ድምፅ ያፍናል፤ እሱን ቆርጦ ባዶ ቱቦ የሚበይድ ሰው ሁለቱንም ይለቃል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የዲዝል ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል ወይም ተበላሽቷል ሲል ገመተ፤ ተጨማሪ 9 ሚሊዮን ፒክአፕ መንገድ ላይ እንደ ማውጣት ይቆጠራል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የዲዝል ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ ካረጋገጠ በዚያን ጊዜ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ ጩኸት ያላስከበረውን ጭስ አስከበረው። ካሊፎርኒያ ከጥር 2023 ጀምሮ፣ ከጥቂት የተፈቀዱ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ2010 በፊት የተሠራ ሞተር ያለው ከባድ ዲዝል በመንገዷ እንዳይሠራ ከለከለች። ደንቡ ስለ ድምፅ አንዳች አይናገርም፤ ባዶ ቱቦ ያቆሙትን አሮጌ መኪኖች ግን አብዛኞቹን ከወደብና ከመጋዘን መንገዶቿ አስወጣ። ከድንበሩ ማዶ፣ ኔቫዳና አሪዞና ውስጥ፣ እነዚያው መኪኖች መሥራት ይችላሉ። የ1972ቱም ሕግ እዚያው በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።