አሜሪሲየም በመስኖ ምርምር፦ ጠባዩ፣ ጥቅሙና ጥንቃቄው

እንደሚታወቀው የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ጥቁር ውኃ ያሉ ገባሮች ይገቡበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለሆነም ከዙሪያው ማሳ ታጥቦ የሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ መድረሻው ሐይቁ ነው። ማዳበሪያው ሲበዛ አልጌ የሚባለውን ጥቃቅን የውኃ ዕፅ ያበዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያልቃል። በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ አጥምዶና ሸጦ የሚተዳደረው ሰው ኑሮ ከገበሬው የመስኖ ቦይ ጋር የተያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጠን ያለፈ መስኖ ገበሬውንም ይጎዳዋል። ውኃው ከሥሩ በታች ሲሰርግ ገንዘብ የወጣበትን ማዳበሪያ ይዞ ይሄዳል። ችግሩ ግን ከመሬት በታች ያለው ርጥበት በዓይን አለመታየቱ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኒውትሮን ፕሮብ ይባላል። በውስጡ የሚገኘውም ዋና ነገር አሜሪሲየም የተባለ ሰው ሠራሽ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው።

1. አሜሪሲየም ምንድን ነው?

አሜሪሲየም ቁጥሩ 95 የሆነ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር አገኙት፤ ስያሜውም ከዚያው አህጉር ስም የተወሰደ ነው። የሚሠራው በአቶም ማብላያ ውስጥ ከፕሉቶኒየም ነው።

በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው አሜሪሲየም 241 የተባለው ዓይነት ነው። ጨረሩ በግማሽ እስኪቀንስ 432 ዓመት ያህል ይወስዳል። ይህ ለመሣሪያ ሥራ መልካም ጠባይ ነው፤ ምክንያቱም የዛሬውና የከርሞው ልኬት ሳይዛባ ሊነጻጸር ይችላል። አሜሪሲየም ከእርሻ ምርምር ሌላ በጭስ ጠቋሚ መሣሪያ፣ በመንገድ ሥራ የአፈርን ጥቅጥቅነትና ርጥበት በመለካት፣ እንዲሁም በነዳጅ ጉድጓድ ምርመራ ያገለግላል።

2. ርጥበትን እንዴት ይለካል?

አሜሪሲየም ቤሪሊየም ከተባለ ብረት ጋር ሲቀላቀል ኒውትሮን የተባሉ ፈጣን ቅንጣቶች ይወጣሉ። በአንድ መሣሪያ ውስጥ የሚገኘው አሜሪሲየም 15 ሚሊ ግራም ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ይህም በክብደት ከ50 የጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

መሣሪያው አስቀድሞ በማሳው ውስጥ በተተከለ የአልሙኒየም ቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ልጆች በሚጫወቱት ብይ እንመስለዋለን። ብይ ከትልቅ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ፍጥነቱን እንደያዘ ነጥሮ ይመለሳል፤ ከእኩያው ብይ ጋር ሲጋጭ ግን ጉልበቱን ለዚያ አስረክቦ ይቆማል። ለኒውትሮን እኩያው ሃይድሮጅን ነው፤ በአፈር ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ደግሞ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ በሆነ ቁጥር የዘገዩ ኒውትሮኖች ይበዛሉ። ቆጣሪውም እነዚህን ይቆጥራል።

ጥቅሙ አንዱን ቦታ ሳይቆፍሩ በየሳምንቱ፣ በየጥልቀቱ መለካት መቻሉ ነው። ጉድለትም አለው። ከላይ ባለው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ላይ ኒውትሮኑ ወደ አየር ስለሚያመልጥ ልኬቱ አያስተማምንም። ለእያንዳንዱ የአፈር ዓይነትም መሣሪያውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የርጥበት መለኪያዎችና ከሕዋ በሚመጣ የተፈጥሮ ጨረር የሚጠቀሙ መሣሪያዎች ቦታውን በብዛት እየተኩት ነው።

3. ጥንቃቄ

ሰብሉ ይበከል ይሆን ብሎ የሚሰጋ ገበሬ ቢኖር ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን አይበከልም ነው። አሜሪሲየሙ በታሸገ የብረት ቀፎ ውስጥ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር አይነካካም፤ የሚወጡት ኒውትሮኖችም እህሉን አደገኛ ለማድረግ አይበቁም።

አደጋው ቀፎው የተከፈተ እንደሆነ ነው። አሜሪሲየም በትንፋሽ ወይም በምግብ ወደ ሰውነት ከገባ በአጥንትና በጉበት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ ካንሰርም ሊያስከትል ይችላል። መሣሪያው ቢያረጅም በውስጡ ያለው አሜሪሲየም አያረጅም። በ1987 እ.ኤ.አ. በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ሰዎች ሴሲየም የተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ የያዘ የተጣለ የሕክምና መሣሪያ ፈተው ለብረታ ብረት ነጋዴ በመሸጣቸው 4 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ፦

ሀ. በቢጫ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል የጨረር ምልክት ያለበትን ዕቃ አትክፈቱ፤ ለቆራሌም አትሽጡ።
ለ. ልጆችንና ከብቶችን ከቦታው አርቁ።
ሐ. ለቀበሌ ወይም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወዲያውኑ አስታውቁ።

4. መሣሪያው በሌለበት

ኒውትሮን ፕሮብ ፈቃድና ሥልጠና ላለው ባለሙያ ብቻ የሚሰጥ ነው። ገበሬው ግን ከእርሱ የሚገኘውን ትምህርት በእጁ ሊሠራበት ይችላል። ይኸውም ላዩን አይቶ ሳይሆን ሥሩ ካለበት ጥልቀት አፈር አውጥቶ መወሰን ነው። ለአትክልት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፤ ከዚያም እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ እዩ። አፈሩ አሸዋም ሸክላም ያልበዛበት ከሆነ፦

ሀ. ጠንካራ ድቡልቡል ሠርቶ እጅ ካረጠበ ውኃ አታጠጡ።
ለ. ድቡልቡል ሠርቶ በጣት ሲነካ የሚፈረካከስ ከሆነ የማጠጫው ጊዜ ደርሷል።
ሐ. ጭራሽ ካልተያያዘ ዘግይታችኋል።

ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ የሆነ ማሳ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ማሳ ማጠጣት ውኃን፣ ማዳበሪያንና ጉልበትን ማባከን ነው፤ ጉዳቱም ከማሳው አልፎ ለሐይቁ ይተርፋል።