ያውቁ ኖሯል? ከፌስታል በፊት ኮባ ነበር

በጎንደርና በዙሪያዋ ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ፣ ማለትም በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በጎንደር ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው መጽሐፉም እንሰት በጎንደር በደንብ እንደሚበቅል ጽፏል፤ ሥዕሉንም አትሞታል። ደቡቡ ከእንሰት ቆጮ ሲያወጣ ጎንደሬ ቅጠሉን መረጠ። ኮባው ሊጡን ከምጣድ ይለያል፣ ዳቦውን በመዓዛው ያውደዋል፤ ከገበታ ሲነሳም ጓሮ ተጥሎ ይበሰብስና አፈሩን ያለማል። ከዚህ የተሻለ የምግብ መጠቅለያ ገና አላየንም!

በዚያው ጓሮ የሚበቅለው የሐበሻ ጎመን መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ፣ እህሉ ገና ሳይደርስ፣ ጎመን ቀድሞ ይደርሳል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው ፍልሰታም ገበታውን ይሞላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨመራል፣ ቀቀል ተደርጎ የተከተፈው ጎመን ይገባል፣ ቃሪያ መጨረሻ ላይ። የዳባት ወይም የደባርቅ ድንች ከተገኘ አብሮ ይበስላል።

ወደ መጠቅለያው ስንመለስ፣ ስስ ፌስታልን (0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች) አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ገና በ1999 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን በጠቅላላ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ዘንቢልዎን አይርሱ።