የሚነዝር በር፤ ስለ ኋላ ቤት የመብራት ሳጥን

ከግቢ ውጭ ተከራይተን ከምንኖር ተማሪዎች መካከል ብዙዎቻችን የምናድረው ቀድሞ የመኪና ቤት በነበረ፣ ከትልቁ ቤት ተለይቶ በጓሮ በቆመ ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ የራሱ ቆጣሪ የለውም። መብራቱ ከትልቁ ቤት ሳጥን ተቀጥሎ፣ በጣራ ጠርዝ ወይም በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ ክፍሉ ሲደርስም በሁለተኛ ትንሽ ሳጥን በኩል ለአምፖሉና ለሶኬቱ ይከፋፈላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ትንሽ ሳጥን ነው።

ሦስት ሆነን በተከራየነው ክፍል የብረቱ በር ይነዝር ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፤ ምጣዱ በተጣደ ጊዜና መሬቱ በዝናብ በራሰ ጊዜ ብቻ። አከራያችን «ልጆቼ፣ ክረምት ሲገባ ብረት መንዘሩ አይቀርም» አሉን። እኛም ክረምቱን በሙሉ በሩን በጫማችን እየገፋን ከረምን። ከሦስታችን አንዱ የምህንድስና ተማሪ መሆኑ ዛሬም ያሳፍረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ በአንዱ ሽቦ መጥቶ በሌላው ይመለሳል። የሚመጣበት ፌዝ፣ የሚመለስበት ኒውትራል ይባላል። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ እርሱ በደህናው ቀን ሥራ የለውም። ፌዝ ከቦታው ወጥቶ የሳጥኑን ወይም የምጣዱን ብረት ሲነካ ግን ኃይሉን በቶሎ መልሶ ብሬከሩን እንዲያስዘጋ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ከትልቁ ቤት ወደ ኋላው ክፍል ሦስት ሽቦ መምጣት ነበረበት። ሽቦ ውድ ነውና ሁለት ብቻ ይመጣል፤ ሠራተኛውም የመሬቱን ነገር በአቋራጭ ይጨርሰዋል። በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ኒውትራሉን ከሳጥኑ ብረት ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል።

ጥፋቱ ይህ ነው። ኒውትራልና መሬት መገናኘት ካለባቸው በዋናው መግቢያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳጥን ከተገናኙ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ጋር የተያያዘው ቆርቆሮና የብረቱ በር ሁሉ የመመለሻው መንገድ አካል ይሆናሉ።

በቁጥር እንየው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በኒውትራሉ መስመር ላይ አንድ የላላ መጋጠሚያ 1 ኦም ቢኖረው 15 አምፔር ያህል ያልፍና በሩ ላይ 15 ቮልት ይቀመጣል፤ ባዶ እግሩን እርጥብ መሬት ለረገጠ ሰው ይህ ለመንዘር ይበቃል። በዚያችው መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ከ220 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ምጣዱ እንደተጣደ መጋጠሚያው ፈጽሞ የተበጠሰ ዕለት ግን 220ው ቮልት በሙሉ በሩ ላይ ሆኖ ሰው ይጠብቃል። የራሰ ገላ 1,000 ኦም ያህል ቢሆን 220 ሚሊአምፔር ያልፍበታል፤ ልብን ለማቆም ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ብሬከሩ ከ16 አምፔር በላይ ካልሆነ አይሰማውም።

አንዳንዶች በክፍሉ አጠገብ የብረት ዘንግ ቀብረው «መሬት አስገብተናል» ይላሉ። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር 20 ኦም ቢኖረው ፌዝ ብረቱን በነካ ጊዜ የሚያልፈው 11 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ አሁንም ተኝቷል። እዚህ ላይ የሚያድነው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች አርሲዲ የሚሉት መቁረጫ ነው። የሄደውና የተመለሰው ኃይል በ30 ሚሊአምፔር ከተለያየ ወዲያው ይቆርጣል።

ተከራይ ሳጥኑን ሳይከፍት ብዙ ማየት ይችላል። ምጣዱ ሲጣድ አምፖሉ ይደበዝዛልን? ሳጥኑ ይሞቃልን? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታልን? በጣራው ጠርዝ ላይ አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ታስሮ እንደሆነም ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ። የአምፖሉ ማብሪያ ተጭኖ አምፖሉ ሳይበራ፣ ቴስተሩ በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች ሁሉ ከበራ ኒውትራሉ ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ ከትልቁ ቤት አስጠፍታችሁ ሠራተኛ ጥሩ።

ክዳኑን መክፈት የሠራተኛው ፋንታ ነው፤ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። መብራቱ ከትልቁ ቤት ይጥፋ፤ ቴስተሩም መሥራቱ አስቀድሞ በደህና ሶኬት ይሞከር። ከዚያ ሽቦዎቹን ቁጠሩ። ደንቡ ቢጫና አረንጓዴው ለመሬት፣ ሰማያዊው ለኒውትራል ነው፤ ቀለሙን ግን አትመኑ፣ እስከ ጫፉ ተከተሉት። የብሬከሩንም ቁጥር አንብቡ። «ይዘጋብናል» እያሉ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ላይ በ16ቱ ፋንታ ባለ 32 መትከል ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው።

በእኛ ክፍል የተገኘው ይኸው ነበር፤ አጭሯ ሽቦ በሳጥኑ ውስጥ፣ የጠቆረው መጋጠሚያ በጣራው ጠርዝ ላይ። ሠራተኛው አጭሯን ፈታ፤ ከትልቁ ቤት ሦስተኛ ሽቦ ሳበ፤ መጋጠሚያውን በትክክለኛ ማያያዣ ሠራ፤ አርሲዲም ተከለ። ግማሹን ዋጋ አከራያችን ከፈሉ። በሩ መንዘሩን ተወ። ምጣዱን በጣድን ቁጥር ግን አርሲዲው ይቆርጥብን ጀመር፤ ለካ የምጣዱም ሽቦ ሥር ተሰንጥቆ ብረቱን ይነካ ኖሯል። ምጣዱ አሁን ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ እንጀራ የምንገዛው ከጉሊት ነው።