ለአጋዘን የሚሆነው አረር ምን ያህል ይክበድ?

በአሜሪካ አገር የመጸው ወራት በገባ ጊዜ የጠመንጃ መደብሮች በአዳኞች ይሞላሉ። ከነዚህም መካከል አዲስ የሆነው አዳኝ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ግራ ይጋባል፤ ጥይቱ አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ በካርቶኑ ላይ 150፥ 165፥ 180 የሚሉ ልዩ ልዩ ቍጥሮች ተጽፈው ያገኛልና። ቍጥሩ የአረሩ ክብደት ነው። አረር የምንለውም ቀለሁ ቀርቶ፥ ባሩዱ ተቃጥሎ፥ በአፈሙዝ የሚወጣውን ክፍል ሲሆን፥ መመዘኛው ግሬን ይባላል። 150 ግሬን 9.7 ግራም፥ 180 ግሬን ደግሞ 11.7 ግራም ያህል ነው። ለሁለት ግራም ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይባላል የሚል አንባቢ ሳይኖር አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንስሳው ነው። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን እኛ በአገራችን በዚህ ስም ከምንጠራው ቀንደ ጠምዛዛ እንስሳ የተለየ ነው፤ የወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ሆኖ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። በቨርጂንያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን መንገድ ሲያቋርጥና የጓሮ አትክልት ሲበላ ያውቁታል። ትልቁ ወንድ ከ70 እስከ 130 ኪሎ ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ቆዳው ስስ፥ ደረቱም ጠባብ ነው።

ብዙ ሰው አረር በከበደ መጠን የበለጠ ይገድላል ብሎ ያምናል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። አረር የሚገድለው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ጫፉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ሳንባንና ልብን ሲያፈርስ ነው። ሙስ ለሚባለው ግዙፍ እንስሳ ተብሎ የተሠራ ከባድና ጠንካራ አረር በአጋዘኑ ስስ ጎን ሳይዘረጋ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ለገበያ በወጣው 243 ዊንቸስተር ጠመንጃ፥ ለትናንሽ አውሬ የታሰበውን 55 ወይም 58 ግሬን አረር ይዞ አጋዘን ላይ የሚተኩስ ሰው አለ። አረሩ ትከሻውን እንደ መታ ይሰባበርና ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። አጋዘኑ በሦስት እግሩ እያነከሰ ጫካ ይገባል፤ ደሙ ይቋረጣል፤ አዳኙም እስኪመሽ ፈልጎ ባዶ እጁን ይመለሳል። እንስሳው ግን ከዚያ በኋላ ቀናት ሊቆይ ይችላል። የሁለት ግራም ጭንቀት የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተቀበለውና እስከ ዛሬ አዳኞች የሚወዱት 30-06 ጥይት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከእርሱ በፊት የነበረው አረር 220 ግሬን የሚመዝን፥ አፉ ድብልብል ነበር፤ በ1906ቱ ግን 150 ግሬን ብቻ የሚመዝን ሹል አረር ተተካ፤ ፈጥኖና ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው 150 ግሬን በሰከንድ 885 ሜትር፥ 180ው ደግሞ 820 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ ከአፈሙዙ ይወጣል። ከባዱ በጥልቀት ይገባል፤ ትከሻንም አጥብቆ ይመታል። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ዐይን ተጨፍኖ ደግሞ የአረር ምርጫ ምን ይፈይዳል? ስለዚህ በዚህ ጥይት ለአጋዘን 150 ወይም 165፥ በ243ቱ ደግሞ ከ95 እስከ 100 ግሬን ይበቃል እንላለን። የቨርጂንያ ሕግም ለአጋዘን ከ0.23 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ አይፈቅድም።

ክብደት ብቻውን ግን ሁሉን አይናገርም። ጆን ኖስለር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. በካናዳ ሙስ ሲያድን አረሩ አልገባ ስላለው፥ መካከሉ በግድግዳ የተከፈለ አረር ሠራ፤ የፊተኛው ክፍል ሲዘረጋ የኋለኛው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ካሊፎርንያ ደግሞ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደንን ከልክላለች፤ ፍርፋሪው ጥንብ የሚበሉ አሞሮችን ስለሚመርዝ ነው። በምትኩ የመጣው የመዳብ አረር እምብዛም ስለማይበተን ቀለል ያለውን መምረጥ ይቻላል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀልል ግን እኩል ክብደት ያለው አረር ይረዝማል፤ ረጅሙንም አረር በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ በሚገባ ካላሾረው ይዋልላል።

በመጨረሻም ከአንዱ ክብደት ወደ ሌላው የተዛወረ አዳኝ፥ ጫካ ከመግባቱ በፊት በዚያው ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሶ ኢላማውን እንደገና ያስተካክል። ሁለት ጠመንጃዎች፥ ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም እንኳ፥ አንዱ 150ውን አንዱ 165ቱን አጠጋግቶ ሊመታ ይችላልና።