የሒሳብ ቃላትና አገባባቸው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል

የሳይንስ ስያሜዎችን በአማርኛ በማዘጋጀት ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው በስሞች ላይ ነው። አንዱ ወገን የግእዝ ሥር ያለው ቃል ይመረጥ ይላል፤ ሌላው ሕዝቡ በየዕለቱ የሚናገረውን ይደግፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የውጭው ቃል እንዳለ ይወሰድ ባይ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኛም ብዙ ጊዜ ተካፍለንበታል። ይሁን እንጂ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያዎችን ከተማሪዎች የመልስ ወረቀት ጋር እያስተያየን ስንመረምር የተገነዘብነው ነገር አለ። ተማሪውን በይበልጥ የሚያሰናክለው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው እንግዳ ስም አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣው፣ የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። ከስሙም ይልቅ ግሱና ከግሱ ጋር የሚሄደው መስተዋድድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

እነዚህን ሁለት ክፍሎች የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል የነበረው ይህ እርከን ሒሳብ ከቁጥር ወደ ፊደል የሚሻገርበት ነው። ተማሪው ክፍልፋዮችን እንደ ሌላው ቁጥር ሁሉ አስልቶ መጠቀም፣ ከዜሮ በታች ያሉትን ድፍን ቁጥሮች መረዳት፣ ንጥጥርንና መቶኛን ማወዳደር፣ ያልታወቀን ቁጥር በፊደል ወክሎ እኩልታ መጻፍ ይጠበቅበታል። ከዚህም ጋር የማስተማሪያው ቋንቋ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል፤ ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ትምህርት ሽግግር በአንዳንድ አካባቢ በ7ኛ፣ በሌላው በ9ኛ ክፍል ሲፈጸም ቆይቷል። በአማርኛ የተድበሰበሰ ጽንሰ ሐሳብ የእንግሊዝኛ ስም ስለ ተሰጠው ብቻ አይጠራም፤ ድብስብሱ እንዳለ ይሻገራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ «6 ለግማሽ ሲካፈል ስንት ይሆናል?» ከተማሪዎቹ የሚበዙት 3 ብለው መለሱ። መምህሩ የሚጠብቀው 12 ስለ ነበር ወረቀቶቹ በቀይ ተሰርዘው ተመለሱ። መልሱን እንዴት እንዳገኘችው የጠየቅናት አንዲት ተማሪ ግን ጥፋቷ አልታያትም። «ስድስት ብርቱካን ከወንድሜ ጋር ግማሽ ለግማሽ ብንካፈል ሦስት ሦስት አይደርሰንም?» አለችን። በአማርኛነቱ ትክክል ነበረች። ሁለት ወንድማማቾች ንብረታቸውን «ግማሽ ለግማሽ» ተካፈሉ ሲባል እያንዳንዱ እኩሌታውን ወሰደ ማለት ነው እንጂ የንብረቱ ቁጥር በእጥፍ አደገ ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛም ለሁለት በመክፈልና ለግማሽ በማካፈል መካከል ይህን የመሰለ መደናገር አለ፤ ስለዚህ ነውሩን በአማርኛ ላይ ብቻ ማላከክ አይገባም።

የነገሩ ሥር «ለ» ላይ ነው። «አካፈለ» ከሚለው ግስ ጋር የሚሄደው «ለ» ተቀባይን ያመለክታል፤ እንጀራው የሚካፈለው ለልጆቹ ነው። 12 ለ3 ሲካፈል ተማሪው ሦስት ሰዎችን ያስባል፤ ለእያንዳንዱም 4 ያድላል። እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ ይህ አስተሳሰብ በሚገባ ያገለግላል። ግማሽ ሰው ግን የለም፤ ስለዚህ ዕደላው እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ሌላው የማካፈል ትርጉም፣ ማለትም መስፈር ነው፦ በ6 ውስጥ ግማሽ ስንት ጊዜ ይገኛል? ስድስት ቁና እህል በግማሽ ቁና ሲሰፈር ስንት ጊዜ ይሰፈራል ብለን ስንጠይቅ፣ ያችው ተማሪ ሳታመነታ «አሥራ ሁለት» ብላለች። ዕውቀቱ ነበራት፤ የጎደላት «ማካፈል» የሚለው ቃል መስፈርንም እንደሚጨምር የነገራት ሰው ነው።

«ማባዛት» የሚለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ቃሉ ከ«በዛ» የወጣ በመሆኑ ገና ሲጠራ ውጤቱን ይተነብያል፤ የተባዛ ነገር መብዛት አለበት። 8 በግማሽ ተባዝቶ 4 ሲሆን ተማሪው ወይ መምህሩን ወይ ራሱን ይጠራጠራል። ማባዛት ሁልጊዜ ያሳድጋል የሚለው ስሕተት በብዙ አገር ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በአማርኛ ግን ስሕተቱን ቃሉ ራሱ ያስተምራል። ይህን ስንል ቃሉ ይለወጥ ማለታችን አይደለም። ስንት ትውልድ የተማረበትን ቃል መንቀል የሚያስከትለው ጉዳት ከጥቅሙ ይበልጣል። ይልቁንስ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ግልጽነት ሁልጊዜ የስያሜ በጎ ጠባይ ነው ብለን ስንከተለው የኖርነው መመሪያ ነው። ላዕልና ታሕት የሚሉትን እንመልከት። ሁለቱም የግእዝ ቃላት ናቸው፤ ተማሪው በቤቱ አይሰማቸውም፤ የሚነግሩትም ቦታን ብቻ ነው፤ አንዱ ከሰረዙ በላይ፣ ሌላው ከሰረዙ በታች። በእነዚህ ሁለት ቃላት ምክንያት የተሳሳተ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ግልጽ ያልሆነ ቃል አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ግልጽ ከሆነው ይሻላል።

የክፍልፋይ አጠራርም የራሱ ጣጣ አለው። «አራተኛ» በተራ የሚመጣውንም ይጠራል፣ ከአራት አንዱን እጅም ይጠራል። የቀድሞው አማርኛ ለዚህ የተለዩ ቃላት ነበሩት፤ እኩሌታ፣ ሲሶ፣ እርቦ፣ ዐሥራት። ከእነዚህ ውስጥ ሲሶና እርቦ በጭሰኛና በባለመሬት መካከል የነበረውን የምርት ክፍያ መለኪያ ስለ ነበሩ፣ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲሽረው ቃላቱም ከብዙ ሰው አፍ እየራቁ ሄደዋል። «ሩብ» ግን በሰዓት አቆጣጠር፣ «ኩርማን» በእንጀራ ላይ ዛሬም ሕያው ናቸው። መምህራን እነዚህን ቢጠቀሙባቸው እንወዳለን። ለነገሩ የ«አራተኛ» መንታ ትርጉም አንድ ጊዜ ሲጠቅምም አይተናል። 5 ከ4 ስለሚበልጥ አንድ አምስተኛም ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ብሎ ለሚከራከር ተማሪ አንድ መምህር «ከክፍላችሁ አራተኛ የወጣው ይበልጣል ወይስ አምስተኛ የወጣው?» ብለው ጠየቁትና ነገሩ በሣቅ አለቀ። ማስረጃው ከሒሳብ አንጻር ዋጋ ቢስ ቢሆንም ተማሪው ዳግም አልተሳሳተም።

ለቋንቋ ተመራማሪ ከሁሉም የሚያስደንቀው «ከ» ነው። «ሁለት ከሩብ» ስንል በ2 ላይ ሩብ እንጨምራለን። «ከሁለት ሩብ ሲነሣ» ስንል እንቀንሳለን። «ሁለት ከሩብ ይበልጣል» ስንል ደግሞ አንደምርም አንቀንስም፤ እናወዳድራለን። አንዲት ፊደል ሦስት የሒሳብ ሥራ ትሠራለች፤ ልዩነቱን የሚያስታውቀው የቃላቱ ተራና የመጨረሻው ግስ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በንግግር ጊዜ አይሳሳትም። የቃላት ጥያቄ ሲቀርብለት፣ በተለይም ዐረፍተ ነገሩ ረዝሞ ግሱ ከመጨረሻ ሲርቅ፣ ከግሱ ሳይደርስ መጻፍ የሚጀምር ተማሪ ግን ይሳሳታል። ተርጓሚ ዐረፍተ ነገሩን ባሳጠረ ቁጥር ተማሪውን ከግማሽ ስሕተት ያድነዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተራን ካነሣን፣ የሒሳብ ምልክቶች አጻጻፍ ግሱ በመካከል ለሚውልባቸው ቋንቋዎች የተመቸ ነው። 8 − 3 የሚለውን «8 ሲቀነስ 3» ብሎ ማንበብ በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደ ነው። እንደ አማርኛ ከታየ ግን የሚቀነሰው 8 ይመስላል። ቀናው «ከ8 3 ሲቀነስ» ነበር። ለዓይንም ለጆሮም ተስማሚ የሆነ ንባብ ማግኘት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ተማሪው ምልክቱን ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተለ እንዲያነብ ይፈለጋል። ስለዚህ «8 ሲቀነስ 3» እንደ ምልክት ንባብ ይቆይ፤ በጥያቄና በማብራሪያ ውስጥ ግን «ከ8 3 ሲቀነስ» ብቻ ይጻፍ የሚል አስተያየት አለን። ይኸው ሰረዝ ከቁጥር በፊት ለብቻው ሲቆም ደግሞ ግስነቱ ቀርቶ ቅጽል ይሆናል፤ −3 «ሲቀነስ 3» ሳይሆን «አሉታዊ 3» ወይም መምህራን እንደሚሉት «ነጌቲቭ 3» ተብሎ መነበብ አለበት።

አሁን ብዙ ነጥብ ወደሚያስጥለው ቦታ እንለፍ። «ለጉብኝቱ ቢያንስ 20 ተማሪዎች ያስፈልጋሉ» ተብሎ የተማሪዎቹ ቁጥር በ«ሀ» እንዲወከል ሲጠየቅ፣ ትክክለኛው ሀ ≥ 20 ነው። በርካታ ተማሪዎች የሚጽፉት ግን ሀ < 20 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ያንሳል» በሚል ቃል አጠገብ < የሚለውን ምልክት አጥንተዋል፤ «ቢያንስ» ውስጥም ያንኑ ግስ ያዩታል። «ቢበዛ» በተቃራኒው ወደ > ይመራቸዋል፤ ትርጉሙ ግን ≤ ነው። ሁለቱም «ቢ» ያለባቸው የሁኔታ ግሶች ናቸው፤ «ቢያንስ 20 ነው» ማለት ቁጥሩ ወደ ታች ቢወርድ እንኳ ከ20 አያልፍም ማለት ነው። ይህን የሰዋስው ትንተና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ይቻላል፤ ሞክረነዋል። ለተርጓሚ ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። የሕግ አማርኛ ይህን ችግር ቀደም ብሎ ፈትቶታል፦ ቅጣትን ሲወስን «ከ… የማያንስ» እና «ከ… የማይበልጥ» ይላል። በእነዚህ አገላለጾች ወሰኑ ራሱ ውስጥ መሆኑ አያከራክርም፤ «ከ20 የማያንስ» 20ንም ይጨምራል። ዳኛ እንዳይሳሳት የተበጀ አገላለጽ ለተማሪም ይሆናል። «ከ20 በላይ» የሚለው ግን በተለምዶ አንዴ 20ን እየጨመረ አንዴ እያስቀረ ስለሚነገር በፈተና ጥያቄ ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን።

«ስፋት»ን በአጭሩ እንጥቀስ። በመጽሐፉ ወርድ የአንድ ጎን ልክ፣ ስፋት ደግሞ ርዝመትና ወርድ ተባዝተው የሚገኘው ነው። በቤት ውስጥ «የክፍሉ ስፋት 4 ሜትር» ይባላል። ሜትርና ካሬ ሜትር ተምታቶበት የሚወድቀው ተማሪ የሚናገረው እንደ ወላጆቹ ነው።

ከዚህ የምንደርስበት፣ በመዝገበ ቃላት ሥራችን ላይ አንድ ለውጥ እንዲደረግ መጠየቅ ነው። እስከ አሁን የተለመደው አሠራር በአንድ በኩል የእንግሊዝኛውን ስም፣ በሌላ በኩል የአማርኛውን አቻ ማስቀመጥ ነው። ለስሞች ይህ ይበቃ ይሆናል። ለግሶች ግን አገባቡ፣ የሚሄድበት መስተዋድድና ከዕለታዊው ትርጉም የሚለይበት ቦታ አብረው ሊመዘገቡ ይገባል። ለምሳሌ፦ «ማካፈል። ሀን ለመ ማካፈል፤ በሀ ውስጥ መ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ መፈለግ። ሁለቱም ከዜሮ የሚበልጡ ሆነው መ ከ1 ሲያንስ ውጤቱ ከሀ ይበልጣል። ‹ግማሽ ለግማሽ መካፈል› ከሚለው የተለየ ነው።» እንዲህ ያለው ፍቺ ሦስት መስመር ይፈጃል፤ የመዝገቡንም ገጽ ያበዛል። የማተሚያ ወጪ የሚቆጥሩ ባልደረቦቻችን ቅር ሊላቸው እንደሚችል እንገምታለን።

በመጨረሻም መቋጫ ያላገኘንለትን ቃል ለአንባቢያን እናቀርባለን። «እጥፍ» ከማጠፍ የመጣ ነው። ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት ድርብ፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ አራት ድርብ ይሆናል፤ በሒሳብ መጽሐፍ ግን «እጥፍ»ም «ሁለት እጥፍ»ም 2 ጊዜ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ «የእህሉ ዋጋ በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚል ዜና ሲነገር፣ 100 ብር የነበረው 300 ሆነ ወይስ 400? በዝግጅት ክፍላችን ባለፈው ጊዜ በተደረገ ውይይት ለሁለት ተከፍለን ተለያይተናል። «በ» ጭማሪውን ያመለክታልና 400 ነው የሚሉት የሰዋስው መከራከሪያ አላቸው፤ 300 ነው የሚሉት ደግሞ የሕዝቡን አነጋገር ይጠቅሳሉ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን። ይሁንና ተርጓሚ «ሦስት እጥፍ ሆነ» ወይም «ወደ 300 ብር ከፍ አለ» ብሎ ቢጽፍ ከጭቅጭቁ ይድናል። «በሦስት እጥፍ ቀነሰ» የሚለው ግን በየትኛውም ስሌት መልስ ስለሌለው ከጽሑፎቻችን ቢወጣ ይሻላል፤ ለእሱማ ሲሶ አለን፤ «ዋጋው ወደ ሲሶ ወረደ» ማለት ይበቃል።