ካሴት ቤቶች ያተረፉት

የአፍሪካን ካሴት እያሰሰ የሚሰበስበው አሜሪካዊ ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት ገብቶ አሮጌውን ሲያገላብጥ፣ ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የተጫወተውን ሥራ አገኘ። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ሰው ነው፤ ባንዱ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ ካሴቱንም በ1985 ቀዳው። ሺምኮቪትዝ አፈላልጎ ሲደውልለት ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ሥራው «ሸሞንሟናዬ» ተብሎ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ምስጋናው ሁሉ ለአሜሪካዊው ሆነ። ባለሱቁን ያነሳው ጥቂት ነው፤ ካሴቱን ግን መደርደሪያው ላይ ያቆየው እሱ ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ባለውለታዎች ባለሱቆች ናቸው። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በ1948 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ ይሸጥ የነበረው አምሐ እሸቴ ግን በ1969 ድንጋጌውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ አመጣ። ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ የሚሰማ ነጋዴ ስለነበር አልተሳሳተም። ካይፋ የተባለው አሳታሚም ከዚያው ከንግዱ የተነሳ ነው፤ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያወጣው እሱ ነው።

ሰሜን ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ ሆኖ ስለ ዘፈን ማውራት ያስደፍራል። ጎረቤቱ አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል፤ ሌላኛው ባቲ ነው፤ እሱም የወሎ ነው። ከደሴ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ውርጌሳንና መርሳን ሰንጥቆ ያልፋል። በካሴቱ ዘመን በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር ያለ ሙዚቃ ቤት ሞንታርቦውን በሩ ላይ አውጥቶ አዲሱን ዘፈን ይለቀዋል፤ ሾፌሩም ለጉዞው አንዱን ይገዛል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ገበሬ ቆሞ ያዳምጥና «ይቺን ቅዳልኝ» ይላል። ክሩ የላላውን ካሴት በቢክ እስክሪብቶ እያሾሩ ማጥበቅም የዚያው ሱቅ ሥራ ነበር። ለወሎዋ ድምፃዊት ለማሪቱ ለገሠ ሬዲዮ ያልደረሰበት አድማጭ ድረስ መንገድ የከፈቱት እነዚህ ሱቆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ይቺን ቅዳልኝ» ተብሎ ለተቀዳው ግን ለዘፋኙ ምንም አይከፈለውም ነበር፤ ይህም መነገር አለበት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ካሴት ቤቱ እየከሰመ በነበረበት ሰዓት።

ቀጥሎ ሜሞሪና ፍላሽ መጣ፤ ሱቁ ዘፈን ጫኝ ሆነ። ስልኩ ዩቲዩብ ሲከፍት ደግሞ ጫኙም ቀረ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲደርስ ወልድያን ጨምሮ በየከተማው ብዙ ሱቅ ተዘርፏል፤ በዚያ መሐል የጠፋውን ካሴት የቆጠረ የለም።

የተረፈ ግን ይኖራል። ወልድያ፣ መርሳ ወይም ውርጌሳ ሙዚቃ ቤት የነበራችሁ፣ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ፣ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ክፈቱት፤ በተለይ የአካባቢው አዝማሪ የተቀዳበትንና ሽፋኑ ላይ በእጅ ብቻ የተጻፈበትን ካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጡ። ማግኔቱ እያረጀ ነው።