ከጀማ ድንጋይ እስከ ነጩ ዱቄት

አንኮበር የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ ተነስቶ በሰሜን ሸዋ የኖራ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው የጀማ ወንዝ ደጋውን ሰንጥቆ ወደወረደበት ሸለቆ መሻገር አለበት። ለሚ ላይ የተተከለው ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካም የመጣው ይህንኑ ድንጋይ ፍለጋ ነው።

ድንጋዩ ግን ከሲሚንቶ ሌላ ሙያም አለው። ወረቀት የሚያነጣው፣ በግድግዳ ቀለም፣ በፕላስቲክ፣ በጥርስ ሳሙናና በመድኃኒት እንክብል ውስጥ የሚገባው ዝቃጭ ካልሲየም ካርቦኔት የሚሠራው ከእሱ ነው።

ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ከ100 ኪሎው 44ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። ኖራው ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ከዚያ ወተት የመሰለ ብጥብጥ ይሆናል። የወጣው ጋዝ ተመልሶ ሲነፋበት ነጩ ዱቄት ይዘቅጣል። የጎንደርን ግንብ ድንጋዮች ያያያዘው ኖራም የጠነከረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ጋዙን ከአየር ላይ ቀስ በቀስ መልቀሙ ነው።

ታዲያ ድንጋይ አቃጥሎ ያንኑ ድንጋይ መልሶ መሥራት ምን ይረባል? ትርፉ ንጽሕናውና በተለይ ቅርጹ ነው። ብጥብጡ ቀዝቃዛ ሲሆንና ጋዙ በብዛት ሲገባ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ የክሪስታል ዘር ስለሚፈጠር እያንዳንዱ ቅንጣት ሳያድግ ይቀራል፤ ዱቄቱ ይልማል። ሞቅ ሲል ጫፋቸው የሾለ ክሪስታሎች ይሰባሰባሉ። ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በተለይ ማግኒዥየም ከታከለበት፣ አራጎናይት የሚባለው መርፌ መሳይ ዓይነት ይወጣል። የብጥብጡ ውፍረትና የማማሰያው ፍጥነትም ውጤቱን ይለውጣሉ። ማቆሚያውም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የብጥብጡ ፒኤች (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) ከ12 በላይ ተነስቶ ወደ 7 ሳይወርድ ጋዙ ከተዘጋ ያልተለወጠ ኖራ በቅንጣቶቹ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሥራ ለሚያስብ ሰው የሰሜን ሸዋዋ ከተማ ደብረ ብርሃን የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ባነሰ መጠን ነው። በአንጻሩ ቀዝቃዛ ውሃ ጋዙንም ኖራውንም የበለጠ ያሟሟል። ሂደቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣም የደጋው ብርድ የማቀዝቀዣ ወጪ ይቀንሳል። ቆላ ላይ ለተተከለ ፋብሪካ የተጻፈ መመሪያ እዚህ እንዳለ አይሠራም። የኬሚስትሪ መምህራንና የቀለም አምራቾች የጀማን ድንጋይ በዚሁ ከፍታ፣ በዚሁ ውሃ ይፈትኑት፤ ልኬቱንም ራሳቸው ያውጡ።